7 ዓመት የወገብ ህመም፦ የሚያክሙኝ ሰዎች እርስ በርስ መነጋገር ሲጀምሩ የሆነው

ድርና_ማግ
ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ቤት ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ ሳነብ ነው የቆየሁት፤ ዛሬ ግን ልጻፍ። 46 ዓመቴ ነው፣ ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነኝ። ከአባቴ ጎን የሽመና ጉድጓድ ውስጥ እግሬን ያስገባሁት በ11 ዓመቴ ነው። ወገቤን ካመመኝ ሰባት ዓመት ሆኖኛል።

አጀማመሩ ቀላል ነበር። ለጥምቀት የታዘዘ ጥበብ ለማድረስ ሦስት ሌሊት ተቀመጥኩ፤ በአራተኛው ቀን ከጉድጓዱ ስነሳ ወገቤን ያዝ አደረገኝ። ብርድ ነው አሉኝ። ወጌሻ አሸኝ፣ ዋግምት አስደረግኩ። አልለቅ ሲለኝ ክሊኒክ ሄድኩና መርፌ ተወጋሁ። መርፌው ሁለት ቀን ያሳድረኛል፣ በሦስተኛው ቀን እዚያው ነኝ። ከዚያ የሁለት ወር ገቢዬን ከፍዬ ኤምአርአይ ተነሳሁ። ውጤቱን ያነበበልኝ ሰው «አከርካሪህ እንደ አሮጌ ቤት ነው፤ ከእንግዲህ እንዳትጎነበስ» አለኝ። ክፉ አስቦ እንዳልነበር አውቃለሁ። እኔ ግን ያንን ቃል ይዤ አራት ዓመት ኖርኩ። ጫማዬን የሚያስርልኝ ልጄ ነበር። መወርወሪያዬ፣ ማጉን በድሩ መካከል የማሳልፍበት እንጨት፣ መሬት ሲወድቅ የሚያነሳልኝ ሰው እስኪመጣ እጄን አጣጥፌ እጠብቃለሁ። እድርተኛው ድንኳን ሲተክል እኔ ወንበር ላይ ነኝ፤ ማንም ቃል አይናገረኝም፣ ግን ሰው ፊት ላይ የሚነበብ ነገር አለ።

ነገሩ የተለወጠው አንዲት ሐኪም «የምትወስደውን መድኃኒት ሁሉ ሰብስበህ አምጣ» ስትለኝ ነው። በፌስታል ይዤ ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። ከአምስት ቦታ የታዘዘ መድኃኒት ነበር። ሁለቱን ለየችና ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው፤ የማሸጊያው ስም የተለያየ ነው፣ ውስጡ ግን ሁለቱም ዲክሎፌናክ የሚባል የህመም ማስታገሻ። አንድ መድኃኒት በሁለት ስም እጥፍ ስወጥ ነበር፤ ጨጓራዬ ለምን እንደሚቃጠል የገባኝ ያኔ ነው። ከዚያ ስልኳን አንስታ እኔ ባለሁበት ፊዚዮቴራፒስት (በእንቅስቃሴ የሚያክም ባለሙያ) ጋ ደወለች። ሰባት ዓመት ስታከም አንዱ ባለሙያ ስለ እኔ ሌላውን ሲያነጋግር ያየሁት የዚያን ቀን ነው።

ሦስት ሆኑ፦ እሷ፣ ፊዚዮቴራፒስቱና የሥነ ልቦና ባለሙያዋ። አንድ ሕንፃ ውስጥ አይደሉም። ስለዚህ ሐኪሟ 50 ገጽ የተማሪ ደብተር ግዛ አለችኝ። ሁሉም እዚያ ላይ ይጽፋሉ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የማመላልሰው እኔ ነኝ። ፊዚዮው አንድ ቀን «ጡንቻው ይታጠፍለታል፣ እሱ ግን ይፈራል» ብሎ ጻፈ። የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ያንን አነበበችና የሚቀጥለው ቀጠሮ ሙሉውን ስለ ፍርሃቴ ሆነ። እሷ ደግሞ «ጠዋት ጠዋት ይደብተዋል» ብላ ስትጽፍ ሐኪሟ የማታውን ክኒን ሰዓት ወደ ምሽት 1 ሰዓት አመጣችው።

ህመሙ ጠፍቷል አልልም። ከአሥር ስምንት የነበረው ዛሬ አራትና አምስት ነው። ግን በቀን አራት ሰዓት እሠራለሁ፣ ሌሊት እተኛለሁ፣ መርፌ ከተወጋሁ 14 ወር አለፈኝ። ጫማዬን ራሴ አስራለሁ። እንደ እኔ ያለ ሰው እዚህ ካለ ልንነጋገር እፈልጋለሁ።

አልማዝ_ኮተቤ
ወንድሜ እግዚአብሔር ጨርሶ ይማርህ። ደስ ብሎኛል፣ ግን የምጠይቀውን በቅንነት ተረዳኝ። ህመሙ ካልጠፋ ምኑን ታከምከው? እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ትከሻዬ፣ ወገቤ፣ ጉልበቴ፣ የማያመኝ የለም። እንቅልፍ የሚባል ነገር ረሳሁ። ደም ሰጠሁ፣ ራጅ ተነሳሁ፣ ሁሉም «ነፃ ነሽ፣ ምንም የለብሽም» ይሉኛል። ይሄ «ምንም የለብሽም» ከህመሙ በላይ ነው የሚያመኝ። በመጨረሻ አንዱ ሥነ ልቦና ባለሙያ ጋ ሂጂ አለኝ። እብድ ነሽ ማለቱ ነው ብዬ ወረቀቱን ቀድጄ ወጣሁ። እውነቴን ነው፣ ዛሬም ያናድደኛል።

ድርና_ማግ
እህቴ አልማዝ፣ እኔም እንደዚያው ነበርኩ። የማታው ክኒን አሚትሪፕቲሊን ይባላል፤ መድኃኒት ቤት ውስጥ ወረቀቱን ሳነብ «ለድብርት» ይላል። ተመልሼ ሐኪሟ ጠረጴዛ ላይ ወረወርኩት። አልተቆጣችም። ይህ መድኃኒት ለድብርት ሲታዘዝ መጠኑ ብዙ እንደሆነ፣ በ10 ሚሊ ግራም ግን ህመም የሚያስተላልፈውን ነርቭ ለማብረድና እንቅልፍ ለማምጣት እንደሚሰጥ አስረዳችኝ። አፌን ያደርቀዋል፤ ሌላ አላስቸገረኝም።

ሥነ ልቦና ባለሙያዋ ጋ የሆነውን ደግሞ ልንገርሽ። ስለ ልጅነቴ ትጠይቀኛለች ብዬ ነበር የሄድኩት። በሦስተኛው ቀጠሮ ግን መወርወሪያህን ይዘህ ና አለችኝ። ወንበሯ አጠገብ መሬት ላይ አስቀመጠችውና «ብታነሳው ምን የሚሆን ይመስልሃል?» አለችኝ። «አጥንቴ ይላቀቃል» አልኳት፤ ከልቤ ነበር። «ስንት እርግጠኛ ነህ?» «ከመቶ ዘጠና።» በመጀመሪያ ቀን በርጩማ ላይ አስቀምጣው አነሳሁ። በሌላው ቀን ከዝቅተኛ ሳጥን ላይ። በሦስተኛው ጊዜ ከመሬት። ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል። አነሳሁት። አመመኝ፣ ግን ምንም አልተላቀቀም። «አሁንስ ስንት?» አለችኝ። እንደ ሕፃን አለቀስኩ። የለመድኩትን መወርወሪያ፣ አባቴ የሰጠኝን፣ ለአራት ዓመት ከመሬት አንስቼው አላውቅም ነበር።

እብድ ነህ አላለችኝም። ፍርሃቱ ራሱ ወገቤን አጥብቆ ይዞት ነበር።

ፊዚዮ_ከጎንደር
የተባረክ ነህ፣ ስላካፈልከን። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የተማርኩ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ አሁን በአንድ ክልል ሆስፒታል እሠራለሁ። ስለ «አሮጌ ቤት» ነገር ዝም ማለት አልቻልኩም፤ በየቀኑ ነው የምሰማው።

እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ትልቅ የጥናቶች ስብስብ አለ። የታዩት ከ3,000 በላይ ሰዎች ናቸው፤ አንዳቸውም ወገባቸውን አያማቸውም። ሆኖም የአከርካሪ ፎቶ ሲነሱ፣ ዲስካቸው (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ) ያረጀ ሆኖ የተገኘው በ20 ዓመት ዕድሜ ካሉት 37 በመቶው፣ በ50 ዓመት ካሉት 80 በመቶው ናቸው። ዲስክ ማበጥ የሚባለው ደግሞ በ50 ዓመት ካሉት 60 በመቶው ላይ ታይቷል። ምንም የማያማቸው ሰዎች ናቸው እንግዲህ! ሽበት ፀጉር ላይ እንደሚወጣ ሁሉ አከርካሪም ላይ ይወጣል። ኤምአርአይ የሚጠቅምበት ጊዜ አለ፤ ግን ፎቶው ላይ የታየው ሁሉ የህመሙ ምክንያት አይደለም።

አልማዝ እህቴ፣ «ምንም የለብሽም» ያሉሽ ተሳስተዋል። ትክክለኛው «በዚህ ምርመራ የሚታይ ጉዳት አላገኘንም» ነው፤ ሁለቱ በጣም ይለያያሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ዝርዝር ከሦስት ወር በላይ የቆየ ህመም ራሱን የቻለ በሽታ ተብሎ ቦታ ተሰጥቶታል። ህመምሽ ስም አለው። አንቺ የፈጠርሽው አይደለም።

ለታካሚዎቼ የምነግራቸው አንድ ነገር አለ። ሌባ የገባበት ቤት ውሻ ከዚያ ወዲያ ቅጠል ሲንኮሻኮሽም ይጮሃል። ጩኸቱ እውነት ነው፤ ጆሮህ ይሰማዋል፣ እንቅልፍህን ይነሳሃል። ሌባው ግን ከሄደ ቆይቷል። የቆየ ህመም ላይ ነርቮቹና አንጎል እንደዚያ ውሻ ይሆናሉ። ውሻውን በድንጋይ ብትመታው ይብስበታል። ቀስ በቀስ፣ በየቀኑ በትንሽ በትንሹ፣ ደህና መሆኑን ማስለመድ ነው ያለው። ለዚህም አንድ ባለሙያ ብቻውን አይበቃም፤ ሰውነቱን የሚያንቀሳቅስ፣ ፍርሃቱንና እንቅልፉን የሚያይ፣ መድኃኒቱን የሚያስተካክል ያስፈልጋል።

አንተ ሸማኔው፣ በቀን ውስጥ ሥራህን እንዴት ከፋፈልከው? ይህን ብትጽፍልን ብዙ ሰው ይጠቀማል።

ድርና_ማግ
እጽፋለሁ። ፊዚዮው መጀመሪያ «ጥሩ ቀን ሲመጣልህ ምን ታደርጋለህ?» አለኝ። ያመለጠኝን ሁሉ ለማካካስ ቀኑን ሙሉ እቀመጣለሁ አልኩት። «ከዚያስ?» ሦስት ቀን እተኛለሁ። «የሚያደክምህ እሱ ነው» አለኝ።

ሦስት ቀን በሰዓት ለካን። ህመሙ መክረር እስኪጀምር በመጀመሪያው ቀን 22 ደቂቃ፣ በሁለተኛው 31፣ በሦስተኛው 25 ተቀመጥኩ። አማካዩ 26 ነው። ከዚያ ላይ ቀነስንና በ20 ደቂቃ ጀመርኩ። ሕጉ አንድ ነው፦ ቢያመኝም ባያመኝም በ20 ደቂቃ እነሳለሁ፣ እስከ አጥር በር ደርሼ እመለሳለሁ፣ እንደገና እቀመጣለሁ። የስልክ ደወል ግራ ሲያጋባኝ በልማዴ ለካሁት፤ በ20 ደቂቃ አንድ ስንዝር ያህል እሸምናለሁ። ስለዚህ ስንዝር ሲሞላ እነሳለሁ። በየሳምንቱ ሁለት ደቂቃ እንጨምራለን። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በጣም ያበሳጫል፤ «ዛሬ እኮ ደህና ነኝ፣ ልቀጥል» ይላል ልቤ። እሱን ማሸነፍ ነው ከባዱ።

ጉድጓዱንም ራሱ መጥቶ አየው። መቀመጫዬን በአንድ ጡብ ከፍ አደረገው፤ ጉልበቴ ከዳሌዬ ዝቅ እንዲል። ሃያ ዓመት ሳልነካው የኖርኩት ጡብ ነው።

እናት_ሲያትል
ይህን ሳነብ እንባዬ መጣ። ሲያትል ነው የምኖረው፣ አረጋውያን እንከባከባለሁ፤ ሰው ከአልጋ ወደ ወንበር ሳነሳ ነው አንገቴና ወገቤ የሄደው። እዚህ ከተማ አራት ሳምንት የህመም ፕሮግራም ገብቼ ነበር። ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ጠዋት እንቅስቃሴ፣ ከሰዓት በኋላ ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር፣ በመካከል ሐኪምና ነርስ። ማክሰኞ ማክሰኞ ሁሉም አንድ ክፍል ተሰብስበው ስለ እያንዳንዳችን ይነጋገራሉ። የአንተ ደብተር ያንን ስብሰባ ነው የተካው! ያለ ሕንፃና ያለ ሚሊዮን ብር።

ታሪኩንም ላካፍላችሁ፣ ምክንያቱም ይህ አሠራር የተስፋፋው ከዚሁ አካባቢ ነው። ጆን ቦኒካ የሚባል፣ ጣሊያን ተወልዶ አሜሪካ ያደገ የማደንዘዣ ሐኪም ነበር። የትምህርት ቤት ክፍያውን የቻለው በትግል ውድድር ነው፤ በዚያው ሰበብ ዕድሜ ልኩን ሰውነቱን ሲያመው ኖረ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ታኮማ አጠገብ በሚገኘው የጦር ሆስፒታል የቆሰሉ ወታደሮችን ሲያክም፣ ከቁስላቸው መዳን በኋላ የሚያሰቃያቸውን ህመም ብቻውን ሊፈታው እንደማይችል ገባው። የነርቭ፣ የአጥንትና የአእምሮ ሐኪሞችን ስለ አንድ ሕመምተኛ አንድ ላይ ማማከር ጀመረ። በ1953 ስለ ህመም አያያዝ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ፤ በ1960 ወደ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ መጥቶ እዚሁ ሲያትል የህመም ክሊኒኩን አቋቋመ። ሁሉም እ.ኤ.አ. ነው።

ከእሱ ጋር ዊልበርት ፎርዳይስ የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ ይሠራ ነበር። ሰው ህመሙ እስኪያስቆመው ከሠራ፣ ሰውነቱ ሥራን ከህመም ጋር ያቆራኛል አለ። ስለዚህ እረፍትን በህመም ሳይሆን በተወሰነ መጠን አድርጉት፤ መድኃኒቱንም ሲያማችሁ ሳይሆን በሰዓቱ ውሰዱት አለ። ወንድሜ ስንዝርህ ሲሞላ የምትነሳው እሱ እንዳለው ነው።

አንድ ነገር ግን ልናገር። እኔ ፕሮግራሙ ውስጥ የመጀመሪያውን ሳምንት ያለ አስተርጓሚ ነበር ያሳለፍኩት። እንግሊዝኛ እችላለሁ፤ ለሥራ ይበቃኛል። ህመምን ለመናገር ግን አይበቃም። «ይጠዘጥዘኛል»፣ «ይወጋኛል»፣ «ይቆረጥመኛል»፣ «ይለበልበኛል» ሁሉም አንድ ቃል ሆኑብኝ። እዚህ አሜሪካ አስተርጓሚ የመጠየቅ መብት አለ፤ ሌላ አገር ያላችሁም ጠይቁ፣ አትፈሩ።

የሐይፋዋ
እናት ሲያትል ያልሽው የእናቴ ታሪክ ነው። እናቴ እስራኤል ስትመጣ ትልቅ ሰው ነበረች። «ልቤን ያመኛል» ስትል የልብ ሐኪም ጋ ላኳት። ሦስት ዓመት የልብ ምርመራ! እሷ የምትለው ልብ ሐዘኗ ነበር፤ በመንገድ የቀበረቻት ልጅ ነበረች። ኋላ አማርኛ የሚያውቅ ሰው አብሮ ሲቀመጥ ነው ሐኪሙ የገባው። ያን ጊዜ ህክምናው ተለወጠ፤ ለጉልበቷ የውኃ ውስጥ እንቅስቃሴ፣ ለሐዘኗ ሰሚ። አሁን 78 ዓመቷ ነው፣ ለቡና ራሷ ትነሳለች።

መድኃኒት_ቤት_ፒያሳ
ፋርማሲስት ነኝ። የፌስታሉ ታሪክ በየቀኑ የማየው ነው። እባካችሁ አንዳንድ ነገር አደራ ልበላችሁ።

ዲክሎፌናክን፣ አይቡፕሮፌንን የመሳሰሉትን ለወራት በየቀኑ መውሰድ ጨጓራን ያደማል፣ ኩላሊትን ይጎዳል፣ ደም ግፊት ይጨምራል። ግፊት ወይም ስኳር ያለባችሁ በተለይ። ትራማዶል የሚባለው ጠንካራ የህመም ማስታገሻ ደግሞ ሱስ ያስይዛል። በአንድ ቀን ተነስታችሁ አታቁሙት፤ ላብ፣ መቃዠት፣ ተቅማጥ ያመጣል፣ በሐኪም ቀስ እየተባለ ነው የሚቀነሰው። ከአሚትሪፕቲሊን ጋር ሲወሰድ ደግሞ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ስለሚችል ሁለቱን የምትወስዱ ለሐኪማችሁ ሳትነግሩ እንዳትቆዩ። «ዴክሳ» የምትሉት የስቴሮይድ መርፌም ለተራ ወገብ ህመም በየሳምንቱ የሚወጉት ነገር አይደለም።

እና ቀበቶው! መርካቶ የሚሸጠው የወገብ ቀበቶ። የዓለም ጤና ድርጅት በታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. ስለ ቆየ የወገብ ህመም ባወጣው መመሪያ ቀበቶን፣ ወገብ መጎተቻ መሣሪያንና እንደ ትራማዶል ያሉ ኦፒዮይድ የሚባሉ ማስታገሻዎችን አይመክርም። የሚመክረው ማስተማርን፣ እንቅስቃሴን፣ የሥነ ልቦና ድጋፍን ነው።

ሰሎሞን_ደብረ_ብርሃን
ይቅርታ፣ የእኔ ጥያቄ ትንሽ የተለየ ነው። ታናሽ ወንድሜ 24 ዓመቱ ነው። ወገቡን ካመመው አራት ወሩ ነው። ይህን አንብቤ እንቅስቃሴ ጀምር ልለው ነበር። ግን ማታ ማታ ያተኩሰዋል፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ ሱሪው ሁሉ ሰፍቶታል። ተኝቶም አይቀልለውም። ምን ትላላችሁ?

ፊዚዮ_ከጎንደር
ሰሎሞን፣ እንቅስቃሴ አታስጀምረው። ነገ ጠዋት ሆስፒታል ውሰደው። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ፣ ተኝተው የማይቀልል ህመም ሲኖር እስከ አሁን ያወራነው ሁሉ ይቆያል። በአገራችን የአከርካሪ ቲቢ ብዙ ነው፤ ጥሬ ወተት የሚጠጣ ከሆነ ደግሞ ከእንስሳት የሚተላለፈው ብሩሴሎሲስም ይታሰባል። እግሩ ከደከመው፣ ሽንቱን መቆጣጠር ካቃተው ወይም መቀመጫው አካባቢ ከደነዘዘው ነገ አትበል፣ አሁኑኑ ተነሱ።

ይህን ውይይት የምታነቡ ሁሉ ይህችን ልብ በሉልኝ። መጀመሪያ አደገኛው ነገር አለመኖሩ ይጣራ።

ትዕግሥት_ከጂዳ_የተመለሰች
እኔ አምስት ዓመት ጂዳ የሰው ቤት ሠርቼ ነው የመጣሁት። ባለ ሦስት ፎቅ ቤት፣ ምንጣፍ ተሸክሜ ወጥቼ እወርዳለሁ። ሲያመኝ ፓናዶል ይሰጡኛል። አገሬ ስገባ ቤተሰብ ብር ይጠብቃል፣ እኔ ይዤ የመጣሁት ወገብ ነው። የሚያመኝ መሆኑን የሚያምነኝ አጣሁ። «ወጣት አይደለሽ እንዴ?» ይሉኛል። ወንድሜ፣ ባለቤትህ እንዴት ሆነች? ቤተሰብ እንዴት ተረዳህ?

ድርና_ማግ
ትዕግሥት እህቴ፣ እኔ አምንሻለሁ። ምንጣፍ ተሸክሞ ፎቅ መውጣትን ያየ ሰው ያምንሻል።

ባለቤቴ የእኔ ነገር ተቃራኒው ነበር። ከማመን አልፋ ምንም አታስነካኝም። ውኃ ልቅዳ ብል ትነጥቀኛለች፣ ትንሽ ካቃሰትኩ ጋቢ አልብሳ ታስተኛኛለች። ፍቅር ነው፣ ምን ይባላል። የሥነ ልቦና ባለሙያዋ አንድ ቀን እሷን ይዘህ ና አለችኝና ሦስታችን ተቀመጥን። ባለቤቴ እዚያ ነው ያልሰማሁትን የተናገረችው፦ «እሱ ሲተኛ እኔ ልጆቹን ብቻዬን የማሳድግ እየመሰለኝ ሌሊት አለቅሳለሁ» አለች። ሰባት ዓመት አብረን ስንተኛ አላወቅኩም። ከዚያ ተስማማን፤ ሳቃስት «ምን ሆንክ?» ከማለት ይልቅ «ስንዝሩ ሞላ ወይ?» ትለኛለች። ውኃውን እኔ እቀዳለሁ፣ በግማሽ ጄሪካን።

ከቤትሽ አንድ ሰው ይዘሽ ሂጂ። ባለሙያ ሲናገር ይሰማሉ።

ገብረ_ሥላሴ_እንጦጦ
ስለ ጠበል ማንም አላነሳም፤ እኔ ላንሳ። ጉልበቴን ሲያመኝ እንጦጦ ማርያም ተጠምቄያለሁ፣ ዛሬም እጠመቃለሁ። መድኃኒቴንም እውጣለሁ። ነፍሳቸውን ይማርና አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው እንዲወሰዱ በግልጽ ሲናገሩ ብዙ ሰው ከሞት ተርፏል። እኔን የቸገረኝ ስግደቱ ነው። በዐቢይ ጾም መስገድ አቅቶኝ ከእግዚአብሔር የተለየሁ መሰለኝ።

ፊዚዮ_ከጎንደር
አባቴ፣ ይህን ለሚያክምዎ ባለሙያ ይንገሩት። እኔ ጋ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይዘው የመጡ አንድ እናት ነበሩ። ግባችን ስግደት ሆነ። መጀመሪያ አልጋ ጠርዝ ላይ መደገፍ፣ ቀጥሎ በርጩማ፣ ቀጥሎ በትራስ ላይ መንበርከክ። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ብቻ። የንስሐ አባታቸውም በቁጥር እንዲቀንሱ ፈቀዱላቸው። «ቀጥ ብሎ 10 ጊዜ ይቀመጡ ይነሱ» ብላቸው ኖሮ በሳምንቱ ይተዉት ነበር፤ ስግደት ስለሆነ ግን አልተዉትም። የእርስዎ ጉልበት ግን የተለየ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ ይታይልዎ።

ካሳሁን_ወረኢሉ
ሁሉም ጥሩ ነው፤ ግን የአዲስ አበባና የውጭ አገር ወሬ ነው። እኔ የምሠራበት ጤና ጣቢያ ፊዚዮቴራፒስት የለም፣ ሥነ ልቦና ባለሙያ የለም። ጤና መኮንን ነኝ። ገበሬው ሞፈር ቀንበር ጥሎ ይመጣል፣ ያለኝ ፓራሲታሞልና ዲክሎፌናክ ነው። ምን ላድርግለት?

መድኃኒት_ቤት_ፒያሳ
ካሳሁን ወንድሜ፣ እውነትህን ነው፤ አሳዛኝም ነው። ግን ያለህ ከመድኃኒቱ ብቻ አይደለም። አደገኛ ምልክቶቹን የምትጠይቅ አንተ ነህ። «አጥንትህ አልተሰበረም፣ ብትንቀሳቀስ አይጎዳህም» ብለህ ከልብህ የምትናገር አንተ ነህ፤ ያች ቃል ሸማኔውን አራት ዓመት ካሰረችው ቃል ጋር እኩል ጉልበት አላት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤቱ ስትሄድ እየተራመደ መሆኑን ታያለች። አንተና እሷ ከተነጋገራችሁ ሁለት ሰው ያለበት ቡድን ነው።

ካሳሁን_ወረኢሉ
ስለ ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ያልከውን አላሰብኩትም ነበር። ነገ አነጋግራታለሁ። ፊዚዮቴራፒስት የለም የሚለው ግን ይመዝገብልኝ። ሊኖር ይገባል።

ሰሎሞን_ደብረ_ብርሃን
ሦስት ሳምንት አልፎ ነው የምጽፈው። ወንድሜ የአከርካሪ ቲቢ ነው የተገኘበት። እግሩ ገና አልተያዘም ነበር፤ ሐኪሙ ብትቆዩ ኖሮ አለን። መድኃኒቱ በነፃ ነው፣ 12 ወር ይወስዳል። ትኩሳቱ ጠፍቷል፣ ዛሬ ሽሮ አምሮኛል ብሎ ሁለት እንጀራ በላ። የጎንደሩ ወንድሜ፣ ፊትህን አላውቀውም፣ እናቴ ግን በየቀኑ ስምህን ሳታውቅ ትመርቅሃለች።

ፊዚዮ_ከጎንደር
እልል! መድኃኒቱን ተሽሎኛል ብሎ እንዳያቋርጥ። እናታችሁን ሳሙልኝ።

አልማዝ_ኮተቤ
እኔም ተመልሻለሁ። ቀደድኩት ያልኳችሁን ወረቀት በድጋሚ አጻፍኩት። ባለፈው ሐሙስ ገባሁ። ልጅቷ ወጣት ናት፤ በመጀመሪያ ያለችኝ «ህመምሽ እውነተኛ መሆኑን አምናለሁ» ነው። ዘጠኝ ዓመት ማንም ያላለኝን። ገና ምንም አልተለወጠም፣ ሌሊቱን አልተኛሁም። ግን ከእሷ ስወጣ ማዶ ካለችው ሱቅ ደብተር ገዛሁ። ወንድሜ፣ መጀመሪያው ገጽ ላይ ምን ይጻፋል?

ድርና_ማግ
እህቴ፣ የእኔ መጀመሪያ ገጽ ላይ ሐኪሟ ከላይ የምወስደውን መድኃኒት ሁሉ ከነመጠኑና ከነሰዓቱ ጻፈች። ከሥሩ ሦስቱም የስልክ ቁጥራቸውን አስቀመጡ። ከዚያ ገጹን ለሁለት አሰመረችና ደብተሩን ወደ እኔ ገፋችው። «በግራ በኩል ህመሙ የወሰደብህን ጻፍ፤ በቀኝ በኩል መጀመሪያ እንዲመለስልህ የምትፈልገውን አንድ ነገር» አለችኝ። ግራው እስከ ታች ሞላ። በቀኝ በኩል ብዙ ካሰብኩ በኋላ «ለልጄ ሰርግ ጋቢ በእጄ መሥራት» አልኩ። ህመም መጥፋት ብዬ ልጽፍ ነበር፤ እሷ «እሱን እኛ እንሞክራለን፣ አንተ የአንተን ጻፍ» አለችኝ።

ሰርጉ ለግንቦት ነው። ድሩ ተወጥሯል፣ ዛሬ 11 ስንዝር ደርሻለሁ።